ያደረ መሬትና የቆቅ ጎጆ
በጋይንት የእርሻ ልማድና በመሬት ላይ የሚጥሉ ወፎች ታሪክ

መግቢያ

ወፍ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በዛፍ ላይ ጎጆ ሠርቶ የሚኖረውን ነው። ነገር ግን በደጋው አገራችን ከሚኖሩት ወፎች ብዙዎቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት በመሬት ላይ፣ በሣር ሥር፣ በድንጋይ ጥግ ወይም በእርሻ ወሰን ላይ ጭረው ባበጁት ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ስለዚህ የእነዚህ ወፎች ዕድል ከገበሬው ሥራ ጋር የተሳሰረ ነው። ገበሬው መቼ እንዳረሰ፣ መቼ እንዳጨደ፣ ከብቱን የት እንዳሰማራ፣ የትኛውንም መሬት ስንት ዓመት እንዳሳደረ የሚናገረው ታሪክ ሁሉ፣ ሳይታሰብ፣ የወፎቹም ታሪክ ነው።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን ታሪክ በጋይንት አገር፣ በተለይም በንፋስ መውጫ ዙሪያ መመልከት ነው። ልናስረዳ የምንፈልገውም ነገር አንድ ነው። ይኸውም በመሬት ላይ የሚጥል ወፍ እስከ ዛሬ የቆየው በአንዳንድ ሰዎች ርኅራኄ ሳይሆን ሕዝቡ በአንድነት ይጠብቀው በነበረው ጊዜ ነው የሚል ነው። መሬቱ የሚያርፍበት ጊዜ ባጠረ ቁጥር የሚፈለፈለውም ጫጩት ያንሳል። በጽሑፉ ውስጥ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአገራችን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አገሩና ወፎቹ

ንፋስ መውጫ በደቡብ ጎንደር የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው፣ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» በሚለው ጎዳና ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ እንደ ስሟ ነፋስ የማይለያት ብርዳም ደጋ ናት። በስተምዕራብ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ይታያል። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከጉና ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። በስተደቡብ ደግሞ አገሩ በታች ጋይንትና በስማዳ በኩል ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ይቆለቆላል። ስለዚህ አንድ እግረኛ በአጭር መንገድ ውርጩን፣ ደጋውን፣ ወይና ደጋውንና ቆላውን ለማየት ይችላል።

ከመሬት ወፎች ሁሉ በሕዝቡ ዘንድ በይበልጥ የታወቀው ቆቅ ነው። በቆላው ደግሞ ጅግራ አለ። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ደጋ፣ ውሃ በሚተኛባቸው ሜዳዎች ላይ፣ በሌላ አገር የማይገኙ ወፎችም በመሬት ላይ ይጥላሉ። ከእነዚህም አንዱ ክንፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ያለው የደጋ ዝይ ነው፤ ሌላው ደረቱ በነጠብጣብ የተዥጎረጎረው ባለ ረጅም እግር ወፍ ነው፤ ሦስተኛው ጉሮሮው ቢጫ የሆነው ትንሹ የሣር ወፍ ነው። ዝዩን የደጋው ክርስቲያን ስለማይበላው በሰው እጅ ከመታደን ድኗል። ነገር ግን ሥጋው አለመበላቱ ጎጆውን ከማረሻና ከከብት ኮቴ አያድነውም።

ቆቅ እንቁላሏን ጥላ ከጨረሰች በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ትታቀፋለች። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ወዲያው ተነሥተው እናታቸውን ይከተላሉ፤ ሆኖም ገና መብረር ስለማይችሉ የሚሸሸጉበት ሣር፣ የሚመገቡትም ነፍሳት ያስፈልጋቸዋል። እንቁላል የሚጣልበት፣ የሚታቀፍበትና ጫጩት የሚጠነክርበት ጊዜ ሲደመር ከአንድ ወር ይበልጣል። እንግዲህ የጥናታችን ጥያቄ ይህ ነው፤ በጋይንት መሬት ላይ ማንም ሳይነካው ከአንድ ወር በላይ የሚቆይ ሣር የት ነበር? ዛሬስ የት አለ?

የጥንቱ አሠራር

የደጋው ገበሬ መሣሪያ ከጥንት ጀምሮ በሁለት በሬ የሚጎተተው ማረሻ ነው። መሬቱ አንድ ጊዜ ታርሶ አይቀርም። መጀመሪያ ይገመሳል፣ ቀጥሎ ይደገማል፣ እንደ እህሉ ዓይነትም ይሠለሳል። ይህም ሥራ የበልጉ ዝናብ መሬቱን ሲያለሰልሰው ተጀምሮ እስከ ክረምቱ መግቢያ ይዘልቃል። በዚህ መካከል በእርሻው ላይ የጣለች ወፍ ጎጆዋን ታጣለች። ዘሩ ከበቀለ በኋላ ግን ገብሱና ስንዴው ራሱ መሸሸጊያ ይሆናል። ስለዚህ እርሻ ለመሬት ወፍ ጠላት ብቻ ነው ማለት ስሕተት ነው። በአንድ ወር ያፈርሳል፤ በሌላው ወር ይሸፍናል።

ወፉን ይበልጥ የጠቀመው ግን የሚታረሰው ሳይሆን የማይታረሰው መሬት ነበር። የደጋው ገብስ መሬት ኃይሉ ቶሎ ስለሚደክም ገበሬው ጥቂት ዓመት ዘርቶ ጥቂት ዓመት ያሳድረው ነበር። ባደረ መሬት ላይ ሣርና ቁጥቋጦ ይበቅላል፤ ከብትም ይግጥበታል፤ ነገር ግን ማረሻ አይገባበትም። በእርሻና በእርሻ መካከል ደግሞ በሬ የሚዞርበትና ወሰን የሚለይበት የሣር መስመር ይቀራል። ከዚህም ሌላ ለእርሻ በሬዎች ተብሎ ክረምቱን በሙሉ የሚጠበቅ ክልክል ሜዳ ነበር። ክልክሉ ሲከፈትና ሲዘጋ ማንም በገዛ ፈቃዱ አልነበረም፤ ሽማግሌዎች ቀኑን ይወስኑ ነበር፤ ያለ ቀኑ ከብቱን ያስገባ ሰውም ይቀጣ ነበር።

ይህን ስንል የጥንቱ ዘመን ለወፍ የተመቸ ገነት ነበር ማለታችን አይደለም። እረኛ እንቁላል ይለቅማል፤ ውሻ ታቃፊዋን ይይዛል፤ ገበሬም ቆቅን የተዘራ ዘር ጭራ ስለምትበላበት አይወዳትም። ያደረውን መሬት ያሳደረው ለራሱ ገብስ ሲል ነው፤ ክልክሉንም የከለከለው ለበሬው ሲል ነው። ዳሩ ግን ወፏ የምትጠቀመው በሰው አሳብ ሳይሆን በሰው ሥራ ነውና፣ ለበሬው የተጠበቀው ሣር ለቆቅም ተጠብቆ ነበር።

አንድ ያየነው ነገር

ወደ ታሪኩ ለውጥ ከመግባታችን በፊት፣ ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ያደረገንን አንድ ነገር ብንናገር አንባቢ ይቅር ይለናል ብለን እናምናለን። በልጅነታችን ከብት ስንጠብቅ፣ በነሐሴ ወር አንድ ጎረቤታችን የሆኑ አዛውንት ለጥጃቸው ሣር ሊያጭዱ በባቄላ እርሻቸው ወሰን ላይ ተሰማሩ። ማጭዱ ሲቀርብ አንዲት ቆቅ ከእግራቸው ሥር ተነሥታ በረረች። እንቁላሎቹን ባዩ ጊዜ «ተዉ፣ ልጆቼ፣ እንዳትነኩ» ብለው ከለከሉን፤ እሳቸውም በጎጆው ዙሪያ አንድ እቅፍ የሚያህል ሣር ትተው ሌላውን አጨዱ። እኛም የጋሼን ደግነት እያደነቅን ሄድን።

በማግሥቱ ስንመለስ ግን እንቁላል አልነበረም፤ ቅርፊቱ ብቻ ተበትኖ አገኘን። ቁራ ይሁን ሸለምጥማጥ አላየንም። ነገሩ የገባን ዘግይቶ ነው። በታጨደ ሜዳ መካከል ለብቻው የቆመ የሣር እቅፍ መሸሸጊያ መሆኑ ቀርቶ ምልክት ይሆናል። አሞራም ሆነ አውሬ ከሩቅ አይቶ ወደ እርሱ ይመጣል። አዛውንቱ የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል፤ ጎጆው ግን የሚድነው ወሰኑ ሁሉ ሣር እንደ ለበሰ ጥቂት ሳምንት ቢቆይ ኖሮ ነበር። ያም በአንድ ሰው እጅ የሚፈጸም ነገር አይደለም።

ጊዜው እንዴት አጠረ?

የመጀመሪያው ምክንያት የሰው ቁጥር መጨመርና የመሬት መጥበብ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ፣ ጭሰኛውና መሬት የሌለው ሰው መሬት አገኘ። ይህ ታላቅ ነገር መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን መሬቱ በቤተሰብ ቁጥር ሲደለደል ብዙ መሬት ይዞ ከፊሉን ለማሳደር የሚችል ሰው ቀረ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በብዙ ወረዳዎች እንደገና ሽግሽግ በተደረገ ጊዜም ማሳው ይበልጥ ተቆራረጠ። አምስት ማሳ የነበረው ገበሬ ሁለቱን ሊያሳድር ይችላል፤ አንድ ማሳ ብቻ ያለው ግን ያሳደረ ዕለት ቤተሰቡ ጾሙን ያድራል። ስለዚህ ያደረ መሬት እየጠፋ ሄደ፤ ገብስም በጉና ጎን ሽቅብ ወጣ።

ሁለተኛው ምክንያት ግጦሽ ነው። ያደረው መሬትና ሜዳው ሲታረስ ከብቱ በቀረው ጥቂት ሣር ላይ ይከማቻል። በአጭር የተጋጠ ሣር ታቃፊዋን አይሸሽጋትም፤ ኮቴም ጎጆውን ይረግጣል። ይህን ከጉና በታች በፎገራ ሜዳም ማየት ይቻላል። ርብና ጉማራ በክረምት ያጥለቀለቁት የነበረው ሜዳ የታወቁት የፎገራ ከብቶች መሰማሪያ ነበር። ሩዝ ከገባ ወዲህ የሜዳው ብዙ ክፍል ታርሷል። ሩዙ ለብዙ ሺህ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል፤ በጨፌው ሣር ውስጥ ይጥሉ የነበሩ ወፎች ግን ስፍራቸው ጠቧል።

ሦስተኛው ባሕር ዛፍ ነው። ለማገዶ፣ ለቤት መሥሪያና ለገበያ የሚሰጠው ጥቅም ስለሚበልጥ በየወሰኑና በየዳገቱ ተተክሏል። ከሩቅ ሲታይ አገሩ ዛፍ ለበሰ ያሰኛል፤ ነገር ግን ጥቅጥቅ ካለ የባሕር ዛፍ ተክል ሥር ሣር ስለሚሳሳ ለመሬት ወፍ መሸሸጊያ የለም። አራተኛው የአረም መድኃኒት ነው። ቀድሞ እናቶችና ልጆች በእጅ ይነቅሉት የነበረውን አረም በብዙ የአገራችን ክፍል ዛሬ የሚረጭ መድኃኒት ያጠፋዋል። ይህም ድካም ያቀልላል፤ እግርም ጎጆ እንዳይረግጥ ያደርጋል። ነገር ግን አረሙ ሲጠፋ በአረሙ ላይ ይኖሩ የነበሩት ነፍሳት አብረው ይጠፋሉ፤ ጫጩትም የምትበላው ታጣለች።

ከሌላ ስፍራ የተገኘ ትምህርት

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአረም መድኃኒት ሲስፋፋ፣ የእኛን ቆቅ የምትመስለው ግራጫ ቆቅ እጅግ ቀነሰች። በሰሴክስ ለብዙ ዓመታት የተደረገው ምርምር፣ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ጫጩቶቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመገቡት ነፍሳት መጥፋት መሆኑን አረጋገጠ። በስኮትላንድ ደሴቶች ደግሞ ኮርንክሬክ የምትባለው ወፍ ሣር በመኪና በቶሎ መታጨድ በጀመረ ጊዜ ጠፍታ ልታልቅ ደረሰች። መድኃኒቱ ቀላል ሆኖ ተገኘ። ገበሬዎቹ ካሣ እየተከፈላቸው አጨዳውን አዘገዩ፤ ሲያጭዱም ከመሐል ጀምረው ወደ ዳር ወጡ፤ ጫጩቶቹም ከፊታቸው እየሸሹ ሊያመልጡ ቻሉ። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የወፏ ቁጥር ጨመረ።

በገዛ አገራችንም ሦስት ምሳሌዎች አሉ። የመጀመሪያው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በአዲስ ዓለም አጠገብ ያለው የበርጋ ጨፌ ነው። በዚህ ስፍራ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ከቀሩት ወፎች አንዷ የሆነችው ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይል ትጥላለች። ለብዙ ዓመታት የምትጥልበት አገር ኢትዮጵያ ብቻ እንደ ሆነች ይታመን ነበር፤ በቅርብ ጊዜ ግን በደቡብ አፍሪካም መጣሏ ተረጋግጧል። የእርሷም ጠላት ሌላ ሳይሆን ያለ ጊዜው የሚገባ ከብትና ያለ ጊዜው የሚታጨድ ሣር ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር አራዊትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሆኖ ጨፌውን ለመጠበቅ ሲደክም ቆይቷል።

ሁለተኛው በነገሌ ቦረና አጠገብ ያለው የሊበን ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ለመጀመሪያ ጊዜ ተይዛ በ1975 ስም የወጣላት የሊበን ላርክ በዚህ ሜዳ ሣር ውስጥ በመሬት ላይ ትጥላለች። ሜዳው እየታረሰ፣ ቁጥቋጦ እየወረሰውና ከመጠን በላይ እየተጋጠ ሲሄድ፣ በአፍሪካ ዋና ምድር ላይ በዘመናችን የምትጠፋ የመጀመሪያዋ ወፍ እርሷ ትሆናለች ተብሎ ተፈራ። የቦረና አርብቶ አደሮች ግን ካሎ የሚሉት ልማድ አላቸው፤ ይኸውም ለጥጃና ለድርቅ ጊዜ የሚከለል ሣር ነው። ካሎው በሰፊው ሲከለል ሣሩ ተመለሰ፤ ሣሩ በተመለሰበትም ስፍራ ወፏ ታየች።

ሦስተኛው የመንዝ ጓሳ ነው። በሰሜን ሸዋ የሚገኘው ይህ ሣራማ ደጋ ከ17ኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ጓሳው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቆያል፤ ሲከፈትም በበጋው ተከፍቶ በሐምሌ 5፣ በሐዋርያት በዓል፣ ይዘጋ እንደ ነበር ያጠኑት ሰዎች ጽፈዋል። ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ ቄሮው ፈረሰ፤ በኋላ ግን ሕዝቡ በኮሚቴ እየመራ ጥበቃውን መልሶ አቋቁሟል። መንዞች ይህን ሕግ ያወጡት ለወፍ ብለው አይደለም፤ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆን ሣር እንዲኖራቸው ብለው ነው። ይሁን እንጂ ክረምት ሲገባ የሚዘጋ መሬት፣ በክረምት ለሚጥል ወፍ ከዚህ የተሻለ ሕግ አያስፈልገውም።

በእነዚህ ስፍራዎች ሁሉ የታየው ነገር አንድ ነው። ወፉን ያዳነው ገበሬውን ከመሬቱ ማስወጣት አልነበረም፤ የታወቀ ቀን መኖሩና ቀኑን ሁሉም ሰው ማክበሩ ነው።

ስለ እንጀራ የሚነሣ ጥያቄ

አንድ የትምህርት ጓደኛችን ይህን ረቂቅ አንብቦ «የሚበላው ያጣ ሰው ስለ ቆቅ ጎጆ ምን አገባው?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቀልድ የሚታለፍም አይደለም። ላይ ጋይንት በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከሚረዱት ወረዳዎች አንዷ ናት። የስኮትላንዱ ገበሬ ሣሩን በማዘግየቱ ገንዘብ ተከፍሎታል፤ የጋይንቱን ገበሬ ግን ማን ይከፍለዋል? ለዚህ መልስ ሳያዘጋጅ «መሬትህን አሳድር» የሚል ሰው፣ ከወፉም ከሰውም ወገን አይደለም።

በበኩላችን የምናቀርበው አሳብ የገበሬውን እህል የማይቀንስ ነው። አንደኛ፣ ለአፈር ጥበቃ ሲባል በየዳገቱ የተከለሉ ቦታዎች ዛሬ አሉ፤ ሣሩም እየታጨደ ለአባላቱ ይከፋፈላል። የሚታጨድበት ቀን በክረምቱ መካከል መሆኑ ቀርቶ ከመስቀል በኋላ ቢሆን፣ ሣሩም ይበዛል፣ ጫጩቱም ያመልጣል። ሁለተኛ፣ አጨዳው ከመሐል ወደ ዳር ቢሆን ወጪ የለውም። ሦስተኛ፣ በእርከኖች ላይ የሚበቅለው ሣር አፈሩን የሚይዘው ሥሩ ነውና፣ በነሐሴ ፈጽሞ ባይላጭ ለእርከኑም ይጠቅመዋል። አራተኛ፣ ይህን ሁሉ የሚወስነው ከሩቅ የመጣ ትእዛዝ ሳይሆን፣ ቀድሞ ክልክሉን ይዘጉና ይከፍቱ እንደ ነበሩት ሽማግሌዎች፣ የየቀበሌው ሕዝብ ራሱ ቢሆን ይጸናል። ለጥጃው በነሐሴ ሣር የሚቸግረው ሰው መኖሩን አልዘነጋንም፤ ለእርሱ ከተከለለው ሜዳ አንዱ ወገን አስቀድሞ ቢለይለት፣ ሌላው ወገን በሙሉ ሊጠበቅ ይችላል።

መደምደሚያ

የጋይንት የእርሻ ታሪክ ከአንድ ወገን ሲታይ የሰው ልጅ ከድካምና ከረኃብ ጋር ያደረገው ትግል ነው። ከሌላ ወገን ሲታይ ደግሞ የሣር ዕድሜ እያጠረ የሄደበት ታሪክ ነው። ሁለቱ ታሪኮች አይጣሉም፤ ሣሩ ያጠረበት መሬት አፈሩም የሳሳ ነውና፣ ቆቋ ያጣችውን ገበሬውም ዘግይቶ ያጣዋል።

ለተማሪ ጓደኞቻችን አንድ ልመና አለን። ለክረምት ዕረፍት ወደ አገራችሁ ስትመለሱ ደብተር ይዛችሁ ውጡ። ሽማግሌዎችን ክልክሉ የት እንደ ነበር፣ በየትኛው ቀን ይከፈት እንደ ነበር፣ ማን ይጠብቀው እንደ ነበር ጠይቁ፤ ያገኛችሁትን ጎጆ ሳትነኩ ቀኑንና ስፍራውን ጻፉ፤ ምን ላይ እንደ ደረሰም መዝግቡ። ያን ጊዜ በዚህ መጽሔት ላይ ከየአውራጃው የመጣውን ማስታወሻ አስተያይቶ ማተም ይቻላል። ጎረቤታችን የነበሩት አዛውንት የተዉአት የሣር እቅፍ ብቻዋን ስለ ቆመች ጎጆዋን አላዳነችም፤ የእያንዳንዳችንም ደብተር ብቻውን ከቆመ ዕጣው እንደዚያው ይሆናል።